በአሸዋው በኩል ና

ከድርን «በአሸዋው በኩል ና፤ እሱ ይቀርባል» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ለማስፈር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። እሱን ከጻፍኩ ሌላው ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ቢሆንም ጀምሬዋለሁና ልጨርሰው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ቆቦ መናኸሪያው አጠገብ ላፕቶፕና ስልክ የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ኮምፒውተር ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ ፈልጌ አጥቼ ወደ አገሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ኩራቱ ልክ የለውም። ሥራዬን ሰው ሲነቅፍብኝ ፊቴ ይግላል፤ የነቀፈኝን ሰው ሳምንት ሙሉ አኮርፈዋለሁ። እናቴ «ልጄ፣ ተሳስቻለሁ የሚለው ቃል እኮ አንተ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ይቀራል» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

እንድሪስ ከእኔ በሃያ ዓመት የሚበልጥ የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ከዋጃ እስከ ጎብዬ ድረስ ሰርግ ያለበት ሰው፣ እስላምም ሆነ ክርስቲያን፣ መጀመሪያ የሚያስጠራው እሱን ነበር። ታናሽ ወንድሙ ከድር ባጃጅ ይነዳል። ኪቦርዱን፣ ሞንታርቦውን፣ ማይኩን፣ ጄኔሬተሩን ከሰርግ ሰርግ የሚያመላልሰው ከድር ነበር። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች አሉት፤ ስማቸውን በባጃጁ የኋላ መስታወት ላይ አጽፎታል። ቀልደኛ ነው፤ የተሳፈረው ሰው ሳይስቅ አይወርድም።

አንድ ቀን ሁለቱም ሱቄ መጡና ከድር በሩን ገርበብ አደረገው። እንድሪስ የመጣበትን ነገር ቶሎ መናገር አልቻለም፤ ከድር ነው የነገረኝ። የወንድሙ ግራ ጆሮ ከሰማ ቆይቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነው።

«ከእኔና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም» አለኝ ከድር። «ደንቆሮ ሙዚቀኛ ከተባለ ማን ይጠራዋል?»

እንድሪስ ፊቴን እያየ፣ «ሲሳይ፣ የማልሰማውን ነገር እንዳየው አድርግልኝ» አለኝ።

ይህ ልመና ልቤን ነካው፤ ኩራቴንም እንደዚያው። በላፕቶፑ ላይ ከሚጫወትበት ፕሮግራም ጋር አብሮ የሚሠራ የራሴን ፕሮግራም ሠራሁለት። ምቱ በሄደ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ይበራል፤ እሱን እያየ ጊዜውን ይጠብቃል። ከጎኑ በማይኩ የሚገባውን ድምፅ የሚያሳዩ ዘንጎች አሉ፤ ቀጭኑ ድምፅ በቀኝ፣ ወፍራሙ በግራ። አንዱ ዘንግ ከልኩ ሲያልፍ ይቀላል፤ ቀይ መስኮትም ከፊት ወጥቶ ያስጠነቅቀዋል።

መስኮቶቹ ግን አስቸገሩን። የዘፈን ዝርዝሩን ሲነካ የምቱ መስኮት ከኋላ ይደበቃል፤ የምቱን ሲያወጣ ዝርዝሩ ይሸፈናል። ሁለት ወር ለፋሁበት። እያንዳንዱ መስኮት ቦታውን እንዲያስታውስ፣ የምቱ መስኮት ምንጊዜም ከላይ እንዲሆን፣ አንዱ ሌላውን እንዳይጋርድ አደረግሁ። እንድሪስ ዳር እስከ ዳር እንከን የሌለው ሰርግ ተጫውቶ ሲመጣ ግንባሬን ሳመኝ።

የቀረችው ቀይዋ መስኮት ነበረች። ጄኔሬተሩ መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው የማይኩ እግር አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ የወፍራሙ ድምፅ ዘንግ ይቀላል፤ መስኮቷም ዘላ ትወጣለች። ዋጃ አንድ ሰርግ ላይ በዘፈኑ መሃል ዝርዝሩ ላይ ወጣችበትና ጣቱ ሌላ ምት ነካ። ጨፋሪው አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ነበርኩ፤ የተሳቀው በእኔ መሰለኝ።

እንድሪስ በማግስቱ፣ «ወደ ጥግ አድርጋት እንጂ አታጥፋት፤ ትጠቅመኛለች» አለኝ።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ዘንጓ ሳትቋረጥ ከቀላች ጄኔሬተር ነው፣ ጄኔሬተር ከሆነ ማየት አያስፈልግም ብዬ መስኮቷ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ራሷን እንድትዘጋ አደረግሁ። ከስክሪኑ ሥር አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ለማየት ያሰኘው ሰው እሷን ነክቶ መስኮቷን ይከፍታል። ማሻሻያ ብዬ ነው የጠራሁት።

ሰርጉ የሚያዝያ ሰርግ ነበር፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወደ ተራራው በኩል ገባ ባለች ቀበሌ። የሙሽራዋ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ የሙሽራው ከወዲህ። ወንዙ ወንዝ ይባል እንጂ ከዓመት ዓመት ሰፊ አሸዋ ነው፤ ባጃጅና ከብት የሚሄድበት መንገድ ሆኗል። በዚያ ቀበሌ የሷ ወገን እስከ አሸዋው መሃል ይሸኛታል፤ የእሱ ወገን እዚያው ይቀበላታል። ሁለቱ ወገን በአሸዋው ላይ አብሮ ሳይጨፍር አይለያይም። ስለዚህ ኪቦርዱንም ሞንታርቦውንም እዚያ መሃል ተከልን። እኔ የሄድኩት አዲሱን ሥራዬን ለማየት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለመመስገን።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። በላያችን ፀሐዩ ይፋጃል። በስተምዕራብ ግን ተራራው አናት ላይ ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። የሙሽራው አባት ጋሽ አበራ፣ ረጅም፣ ዱላቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው፤ ወደዚያ ስመለከት አዩኝና፣ «የላስታ ዝናብ ነው ልጄ። እኛንማ በልግ ከረሳን ስንት ጊዜው» አሉኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ተጨፈረ። ወንዱ ዱላውን እያነሳ ይዘላል፤ አሸዋው ይቦናል። ከዚያ ጄኔሬተሩ ሁለቴ አንገራገረና ጠፋ። ቤንዚን አልቋል።

«እኔ ደርሼ ልምጣ» አለ ከድር። ባዶውን ጀሪካን ባጃጁ ውስጥ ወረወረና በወንዙ ዳር ባለው ጥርጊያ መንገድ ወደ ቆቦ በረረ። ጥርጊያው ይጠመዘዛል፤ ያርቃል፤ ግን ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። ሰርገኛው አልተበተነም። ሴቶቹ ከበሮ አነሱ፤ እልልታው ቀጠለ። ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል፤ ማይኩም እንደተሰካ ነው። እንድሪስ ከላፕቶፑ ማዶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

«ሲሳይ» አለኝ፣ «ይቺ ነጥብ ምን ሆና ነው የምትበራው?»

ቀይዋ ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ተዋት አያ እንድሪስ። ጄኔሬተሩ ነው።»

ነካት። መስኮቷ ተከፈተች፤ የወፍራሙ ድምፅ ዘንግ እስከ ግማሽ ቀልታለች። አምስት ሰከንድ ቆይታ መስኮቷ ተዘጋች። እንደገና ነካት። አሁን ዘንጓ ከግማሽ አልፋለች። እንደገና ተዘጋች።

«ጄኔሬተሩ እኮ ጠፍቷል» አለኝ ቀስ ብሎ።

እውነቱን ነው። እኔ ግን ያዳመጥኩት ኩራቴን ነው። «ከበሮው ይሆናል» አልኩ።

«ከበሮ ይመታል፣ ያርፋል። ይቺ አታርፍም።»

«እንግዲያው የፕሮግራሙ ብልሽት ነው! ማታ አስተካክላታለሁ፤ አሁን ተዋት በቃ» ብዬ ጮህኩበት። ያደረግሁት ነገር ይገባችኋል? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬ ስህተት አለበት አልኩ፤ ያውም ልክ በነበረበት ሰዓት፣ ሰውየውን ዝም ለማሰኘት ብቻ።

ያኔ ነው ስልኬ የጠራው። ከድር ነው።

«ቀዳሁ፤ ታች የአስፋልቱ ድልድይ ጋ ደርሻለሁ» አለኝ። «ሰዉ ሰልችቶት ሄደ እንዴ?»

«አለ፤ ቶሎ ድረስ ብቻ።»

«በጥርጊያው ልዙር ወይስ በታች ልግባ?»

«በአሸዋው በኩል ና፤ እሱ ይቀርባል።»

«ሙሽሪትን እንዳትተኛ በላት፣ መጣሁ!» ብሎ ሳቀና ዘጋው። የመጨረሻው ሳቁ ነው።

ስልኩን ኪሴ ስከት እንድሪስ ከመቀመጫው ተነስቷል። መስኮቷን ከፍቶ በአንድ እጁ ነጥቧን ደጋግሞ እየነካ፣ እንዳትዘጋ እየታገላት፣ በሌላው እጁ የማይኩን እግር ጨብጦ ከአሸዋው አነሳው። ዘንጓ ወደቀች። መልሶ አሸዋው ላይ አቆመው። ዘንጓ እስከ አናቷ ቀላች። አነሳው፤ ወደቀች። አቆመው፤ ወጣች።

ጋሽ አበራ ይህን አይተው ቀረቡ። «ምንድን ነው የምታነሳው የምታስቀምጠው?»

«ጋሼ፣ መሬቱ ነው» አላቸው እንድሪስ። «ከመሬቱ የሚመጣ ነገር አለ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አይደለህ የሠራኸው? ምንድን ነው?»

ጋሽ አበራ መልሴን አልጠበቁም። ተንበርክከው መዳፋቸውን አሸዋው ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ከዚያ ዱላቸውን አንስተው ከበሮውን በጫፉ መቱና፣ «ዝም በሉ!» ብለው ጮኹ።

ከበሮው ዝም ሲል ሁላችንም ሰማነው። ከላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ጀርባ፣ የሚጎተት የሚመስል፣ የማያቋርጥ፣ ወፍራም ድምፅ።

«ውሃ ነው! ወደ ዳር! ሙሽራዋን አውጧት! ልጅ ያለሽ ልጅሽን!»

ሰዉ እየተገፋፋ ሮጠ። ሙሽራዋን ሁለት ሚዜዎች ብብቷን ይዘው አወጧት። እንድሪስ ኪቦርዱን ጥሎ አንዲት መራመድ ያቃታቸው አሮጊት አዝሎ ወጣ። እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ ሮጥኩ፤ ይህንንም ልናገረው እንጂ። የመጨረሻው ሰው ዳር ላይ ሲደርስ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ውሃ አይመስልም። ግንድና ድንጋይ ከፊቱ እያንከባለለ የሚመጣ ጭቃ ነው። ሞንታርቦውን፣ ጄኔሬተሩን፣ የሙሽራዋን ዣንጥላ ዋጠና አለፈ። ከስልሳ ሰው በላይ ዳር ላይ ቆመን ቁልቁል ወደ ድልድዩ ሲሄድ አየነው።

ጋሽ አበራ ሰዉን ቆጠሩ። ከዚያ «የባጃጁ ልጅስ?» አሉ። «በየት ነው የሚመጣው? የወንድሜ ልጅ ሞተር አለው፤ በአሸዋው ከሆነ ዳር ዳሩን ሄዶ ውሃው ሳይደርስበት ያስጠንቅቀው። በጥርጊያው ከሆነ ውሃ አይነካውም።»

ወጣቱ ሞተሩን አስነስቶ አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው፤ ከከድር ጋር በስልክ ያወራሁት እኔ ስለሆንኩ። አሁን ገና «ብልሽት ነው» ያልኩትን የሰማ ሁሉ እያየኝ ነው። እንድሪስ ሁለቱን ትከሻዎቼን ያዘ።

«ሲሳይ፣ ከድር በየት ነው የሚመጣው?»

አንባቢ ሆይ፣ ሌላ ሰው ልሆን የምችልበት ጊዜ ያ ነበር። አንድ ቃል ነው የሚፈለገው። እኔ ግን የስልሳ ሰው ዐይን ፈራሁ። ገና ድልድዩ ጋ ነው፣ ገና አልገባም፣ ውሃውን አይቶ ይመለሳል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

«በጥርጊያው» አልኩ።

እንድሪስ ፊቴን አየ፣ አየ፣ ከዚያ ትከሻዬን ለቀቀ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ወጣቱ ሞተሩን አጠፋው።

ከሰዉ ጀርባ ሆኜ ደወልኩ። ይጠራል። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ባጃጅ አሸዋ ላይ ሲሄድ ድምፁ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ስልክ አያሰማም። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላስታውስም፣ መጥራቱን አቆመና «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከድልድዩ በታች ገበሬዎች አገኙት። ባጃጁ ተገልብጦ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል፤ የኋላ መስታወቱ ተሰብሯል።

ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ለቅሶ ቤትም ሄጄ ተቀመጥኩ። የሚገባው ሁሉ «አላህ ይዘንለት» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ የሚያወራው ስለ እኔ ነው። «በዚህ ልጅ መሣሪያ ነው ያ ሁሉ ሰው የተረፈው» ይላሉ። የሙሽራው ዘመዶች ከቀበሌያቸው ድረስ መጥተው እጄን ሳሙ። ጋሽ አበራ «ተባረክ» አሉኝ። ከድር ለምን በአሸዋው እንደመጣ ሲነሳ፣ «ሰው እንዳይሰለችብኝ፣ ይቀርበኛል ብሎ ይሆናል» እያሉ በሟቹ ላይ አላከኩት። የከድር ሚስት ይህን ሰምታ፣ «አይ ከድር፣ ምነው ብትዞር» ብላ አለቀሰች። እኔ መሬት መሬቱን አይ ነበር። እንድሪስ ከጥግ ተቀምጦ ያየኛል።

ሰባት ቀን እንዲህ አደርኩ። ሌላውን ሁሉ መሸከም እችል ነበር፤ «ምነው ብትዞር» የሚለውን ግን አልቻልኩም። በሰባተኛው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ እንድሪስ ግቢው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ሄጄ ፊት ለፊቱ ተንበረከክሁ።

«አያ እንድሪስ፣ በአሸዋው ና ያልኩት እኔ ነኝ። በጥርጊያው ነው ብዬም ዋሽቻለሁ።»

አልደነገጠም። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ አልመታኝም።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ሰው ሲያወራ የማየው ለምን ይመስልሃል? ጆሮዬ ነው እንጂ የሞተው ዐይኔ ደህና ነው። በስልክ ስታናግረው ፊት ለፊትህ ነበርኩ፤ ከንፈርህን አየሁት። በአሸዋው በኩል ና አልከው።»

«ታዲያ... ዳር ላይ ስትጠይቀኝ?»

«ዐይኔ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ነው የጠየቅሁህ። አንተ በጥርጊያው አልከኝ። ነጥቧንም ብልሽት ናት ብለኸኝ ነበር፤ እሷ ግን ልክ ነበረች። ይህን በዐይኔ አይቼ እንኳ፣ እንደገና ዐይኔን ትቼ አንተን አመንኩ። ሞተሩ ይደርስ ነበር አልልህም። እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ግን ውሃው ወንድሜ ወዳለበት ሲሄድ ቆሜ አየሁት፤ አልሐምዱሊላህ እያልኩ።»

ከዚያ ተነስቶ ለከድር ሚስት እንድነግራት እጄን ይዞ ወደ ቤት አስገባኝ። ነገርኳት። ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። በማግስቱ የጎብዬን መንገድ ይዤ ለጋሽ አበራም ነገርኩ። «ተባረክ» ያሉበትን አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ለምን እንደጻፍኩት ትጠይቁኝ ይሆናል። ይቅርታ ለማግኘት አይደለም። ፕሮግራሙን አስተካክዬዋለሁ፤ ዛሬ የምሠራው ነገር ሁሉ ሳይደብቅ ያሳያል፣ ቢያናድድም ያሳያል። ግን እንዲህ ብዬ ብጨርስ ዳግመኛ መዋሸት ይሆንብኛል፤ ያጠፋሁት በፕሮግራም የሚስተካከል አይደለም። አንድን ማስጠንቀቂያ መጀመሪያ ስለሚያሳፍረኝ ደበቅሁት፤ በኋላ ደግሞ ራሴ ማስጠንቀቂያ መሆን ሲገባኝ ራሴን ደበቅሁ። ሁለተኛው የቀለለኝ መጀመሪያውን ለምጄው ስለነበረ ነው። እባካችሁ፣ ትንሹን አትልመዱት።

እንድሪስ መስማት አለመቻሉን ራሱ ለሰው ሁሉ ተናግሮ ኪቦርዱን ትቷል። የከድርን ልጆች እሱ ነው የሚያሳድጋቸው። ቆቦ ትንሽ ከተማ ናት፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንገናኛለን። ሰላምታዬን በእጁ ይመልሳል፤ ልቡ ክፉ አይደለም። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ግን ዐይኑን ከከንፈሬ ያነሳል፣ መንገዱን ያያል፣ እስክጨርስ ድረስ ይጠብቀኛል።